ትይዩ፣ ቀጤ ነክ፣ ተዳፋት፦ አንድ የአልጀብራ ሕግ በአማርኛ ሲነገር

በትምህርት ቤት አልጀብራ ውስጥ ስለ ቀጥታ መስመሮች ተዳፋት የሚሰጠውን ሕግ ያህል አጭር የሆነ ጥቂት ነው። በአማርኛ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ቅርጽ ይህን ይመስላል፦ «ትይዩ መስመሮች እኩል ተዳፋት አላቸው፤ ቀጤ ነክ መስመሮች ከሆኑ ግን የአንዱ ተዳፋት የሌላው ነጌቲቭ ተገላቢጦሽ ነው።» ዐረፍተ ነገሩ የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ሒሳቡም፣ ኋላ ከማነሣው አንድ ጉድለት በቀር፣ ትክክል ነው። ሆኖም የተሸከማቸው አራት ቃላት፣ ማለትም ትይዩ፣ ተዳፋት፣ ቀጤ ነክና ተገላቢጦሽ፣ ከዕለት ተዕለት ንግግር ተነሥተው ወደ ሒሳብ የገቡ ናቸው፤ ሲገቡም የቀድሞ ሥዕላቸውን ከደጅ ጥለው አልገቡም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የሚከተለው ነው፦ ከአራቱ ቃላት መካከል ከሁሉ የተሻለ ነው ተብሎ የሚታመነው «ትይዩ» ሕጉን ከሁሉ ይበልጥ ያደናቅፋል፤ ምክንያቱም በውስጡ ያለው አመክንዮ የትይዩነት ሳይሆን የቀጤ ነክነት አመክንዮ ነው። ጉድለቱን የሚያርመው ግን ቃሉን መለወጥ ሳይሆን የአባባሉን ቅደም ተከተል መለወጥ ነው።

1. ዐረፍተ ነገሩ የሚኖርበት ቦታ

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከደነገገ ወዲህ በአማርኛ የተዘጋጁ የሒሳብ መጻሕፍት ለብዙ ተማሪዎች ደርሰዋል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። የመስመሮች ተዳፋት ከትይዩነትና ከቀጤ ነክነት ጋር ተያይዞ በምልዓት የሚሰጠው ከዚህ መስመር ወዲያ ባሉት ክፍሎች ነው። ስለዚህ በተማሪው እጅ ያለው መጽሐፍ ሕጉን በእንግሊዝኛ ይነግረዋል፤ ሕጉ የሚገባው ግን መምህሩ ከሰሌዳው ዘወር ብሎ፣ ወይም ጓደኛው በእረፍት ሰዓት፣ በአማርኛ ሲነግረው ነው።

ይህ ሁኔታ ለቋንቋ አጥኚ ትልቅ ትርጉም አለው። የታተመ ዐረፍተ ነገር አርታዒ አለው፤ ከእትም ወደ እትም ይታረማል፤ ስሕተቱም በጽሑፍ ይተቻል። በሰሌዳ ዳር የሚነገር ዐረፍተ ነገር ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ የሚያቃናው የለም። የታንዛኒያ ሁኔታም ከዚህ ይመሳሰላል፤ በዚያም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በስዋሂሊ፣ የሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ ሆኖ ቆይቷል። ከዚህ የተለየውን መንገድ ለመመልከት ወደ ሶማሊያ ማየት ይበቃል፤ የሶማሊኛ ጽሕፈት እ.ኤ.አ. በ1972 በሕግ ከጸደቀ በኋላ ቋንቋው እስከ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ የሒሳብ ቃላቱም በመጽሐፍ የመፈተን ዕድል አግኝተዋል። የአማርኛው የተዳፋት ሕግ ይህ ዕድል ስላልገጠመው፣ የቃላቱ መዝገብ ቢኖርም የአነጋገሩ ሂስ የለም።

2. ተዳፋት፦ ያለ ተጓዥ የቆመ ቃል

በቅድሚያ የተሳካውን ላንሣ። አማርኛ ያዘነበለ መሬትን ለመሰየም የሚጠቀምባቸው የተለመዱት ቃላት ዳገት፣ አቀበትና ቁልቁለት ናቸው። እነዚህ ቃላት የመሬቱ ስሞች ይመስላሉ እንጂ የጉዞ ስሞች ናቸው። አንዱን ጎዳና ወደ ገበያ የሚወጣው ሰው ዳገት ይለዋል፤ ከገበያ የሚመለሰው ቁልቁለት ይለዋል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

በአልጀብራ ግን እንዲህ አይደለም። ነጥብ ሀ (1፣ 1)፣ ነጥብ ለ ደግሞ (4፣ 3) ይሁኑ። ከሀ ወደ ለ ስንሄድ የአግድም ለውጡ 3፣ የቁም ለውጡ 2 ነው፤ ተዳፋቱ 2/3 ይሆናል። ከለ ወደ ሀ ስንመለስ የአግድም ለውጡ −3፣ የቁም ለውጡ −2 ነው፤ −2 ለ −3 ሲካፈል ዞሮ 2/3 ይሰጣል። ተጓዡ ተመልሷል፤ ቁጥሩ ግን አልተለወጠም፤ ሁለቱም ምልክቶች በአንድ ጊዜ ስለዞሩ ተጣፍተዋል። በዳገትና በቁልቁለት የሚያስብ ተማሪ ሲመለስ የምልክት ለውጥ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ነጥቦቹን በተለያየ ቅደም ተከተል ያስገቡ ሁለት ጓደኛሞች አንድ መልስ ሲያገኙ ይገረማሉ፤ ይባስ ብሎም አንዱ የራሱን ትክክለኛ መልስ ይሰርዛል።

«ተዳፋት» ይህን አደጋ ያመልጣል። ተዳፋት መሬት ማንም ይውጣው ማንም ይውረደው ተዳፋት ነው። ከዚህ አንጻር ከስዋሂሊው ምቴሬምኮ የተሻለ ዕድል አለው፤ ያ ቃል ኩቴሬምካ፣ ማለትም መውረድ፣ ከሚለው ግስ ስለሚወጣ አቅጣጫን አስቀድሞ መርጧል። ከዐረብኛው መይል ጋር ደግሞ ይጎራበታል፤ መይል ማዘንበልን እንጂ መውጣትንም መውረድንም አይናገርም። ስለዚህ መምህራን «ፖዘቲቭ ተዳፋት ዳገት ነው፤ ነጌቲቭ ተዳፋት ቁልቁለት ነው» ሲሉ ቃሉ ያተረፈላቸውን ነገር መልሰው ያጠፉታል። ይህን ማለት የግድ ቢሆን እንኳ «ፊደል በምንጽፍበት አቅጣጫ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ለሚሄድ ሰው» የሚል ሐረግ ሊጨመርበት ይገባል። ይህ ሐረግ በአፍ መፍቻው ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ ለለመደ ተማሪ ጌጥ ሳይሆን አስፈላጊ መረጃ ነው።

3. ትይዩ፦ የጎዳና ማዶ አመክንዮ

«ትይዩ» ውብ ቃል መሆኑን መካድ አይቻልም። ከ«ተያየ» ጋር ያለው ዝምድና ለማንኛውም ተናጋሪ ግልጽ ነው፤ የእርስ በርስነት ትርጉም በቅርጹ ውስጥ አለ። «ሀ ለለ ትይዩ ነው» ካልን «ለም ለሀ ትይዩ ነው» ማለት አያስፈልገንም። ሳይገናኙ የሚተያዩ ሁለት መስመሮች ናቸው የሚለው ሥዕልም ዩክሊድ ትይዩ መስመሮችን ወዲያም ወዲህም ቢረዝሙ የማይገናኙ ብሎ ከበየነበት አሳብ ጋር ይስማማል።

ችግሩ ቃሉ በጎዳና ላይ ምን እንደሚሠራ ሲታይ ይገለጣል። ሰው አድራሻ ሲጠቁም «ፋርማሲው ከሱቁ ትይዩ ነው» ይላል፤ ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊት ማለቱ ነው። አሁን ከፋርማሲው ትይዩ ያለው ምንድን ነው ብንል መልሱ ሱቁ ነው፤ ወይም ፋርማሲው ሰፊ ከሆነ ከሱቁ ጎን ያለው ፀጉር ቤትም ሊሆን ይችላል። ሱቁ ከፋርማሲው ትይዩ ነው፤ ፋርማሲውም ከፀጉር ቤቱ ትይዩ ነው፤ ሱቁና ፀጉር ቤቱ ግን ትይዩ አይደሉም። እነርሱ ጎረቤት ናቸው፤ በአንድ ወገን ቆመዋል። በዕለት ተዕለቱ አማርኛ የትይዩ ትይዩ ወደ ራስ ወገን ይመልሳል እንጂ ሌላ ትይዩ አይሰጥም።

ሒሳቡ የሚለው የዚህን ተቃራኒ ነው። አንደኛው መስመር ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው ትይዩ ከሆነ፣ አንደኛውና ሦስተኛው ትይዩ ናቸው፤ ካልሆነም አንድ መስመር ናቸው። በሒሳብ ውስጥ የሱቁን፣ የፋርማሲውንና የፀጉር ቤቱን ጠባይ የሚያሳየው ግንኙነት ሌላ ነው፤ እርሱም ቀጤ ነክነት ነው። አንደኛው ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው ቀጤ ነክ ከሆነ፣ አንደኛውና ሦስተኛው ቀጤ ነክ ሳይሆኑ ትይዩ ናቸው። በቁጥር ብናየው ከ2/3 ወደ −3/2፣ ከ−3/2 ደግሞ ተመልሰን ወደ 2/3 እንመጣለን። ማዶ ተሻግሮ፣ እንደገና ተሻግሮ፣ ወደ ራስ ወገን መመለስ ይህ ነው። ቃሉ የተሰጠው ለአንዱ ግንኙነት ሲሆን ከመንደር ይዞት የመጣው አመክንዮ የሌላው ነው።

ሌሎች ቋንቋዎች የመረጡት ሥዕል ከዚህ ይለያል። ግሪኮች ፓራሌሎስ ሲሉ አንዱ በሌላው አጠገብ ያለ ማለታቸው ነበር። የስዋሂሊው ሳምባምባም ጎን ለጎን አብሮ መሆንን ይገልጻል። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሦስት ሰዎችን ማሰብ ቀላል ነው፤ አንደኛው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው ጋር ጎን ለጎን ቢሄዱ ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ተዳፋት የሚለካውም ይህንኑ አንድ አቅጣጫ ነው። ፊት ለፊት መተያየት ግን የሚያስፈልገው ጥንድን ብቻ ነው፤ ስለ አቅጣጫም የሚናገረው የለም።

ከዚህ ተነሥቼ «ትይዩ» ይሻር አልልም። ቃሉ ሥር ሰድዷል፤ በአንደኛ ደረጃ መጻሕፍት ውስጥም የጸና ነው። የምለው «ትይዩ መስመሮች እኩል ተዳፋት አላቸው» የሚለው አባባል ነገሩን ከተሳሳተው ጫፍ ይጀምረዋል ነው። ሰሚው ሥዕሉን አስቀድሞ ይቀበልና የተዳፋቶቹን እኩልነት እንደ ተጨማሪ ወሬ ይሰማዋል። አባባሉ ቢገለበጥና «ተዳፋታቸው እኩል የሆነ ሁለት የተለያዩ መስመሮችን ትይዩ እንላቸዋለን» ቢባል እኩልነቱ ብያኔ ይሆናል። እኩልነት ደግሞ ከሁለት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ ሺህ ይሻገራል፤ ይህን ማንም ተማሪ ከቁጥር ያውቀዋል። «የተለያዩ» የሚለው ቃልም በአባባሉ ውስጥ የራሱ ሥራ አለው፤ አንድ መስመር ከራሱ ጋር ተደራርቦ ትይዩ እንዳይባል ይጠብቃል።

4. ቀጤ ነክ፦ የቱንቢው ጥላ

«ቀጤ» ከ«ቀጥ አለ» የመጣ ነው። ይህ ግስ ቢያንስ ሦስት ነገር ይላል፦ አለመጣመምን፣ ተገትሮ መቆምን፣ እንዲሁም ድንገት ማቆምን፤ መኪናው ቀጥ አለ እንደምንለው። ሒሳብ የመጀመሪያውን ለ«ቀጥታ መስመር» ወስዶታል። ስለዚህ «ቀጤ» ሲባል በተማሪው ጆሮ የሚቀረው ሁለተኛው ነው፤ ቀጥ ብሎ የቆመ። «ነክ» የሚለው ክፍል ደግሞ ዛሬ በጋዜጣ አማርኛ «ኢኮኖሚ ነክ»፣ «ጤና ነክ» እየተባለ የሚመለከት፣ የሚዛመድ ማለት ሆኗል፤ መንካቱ ደብዝዟል። ቃሉን በዛሬው ጆሮ የሚሰማ ሰው የሚያገኘው «ከመቆም ጋር የተያያዘ መስመር» የሚል ነው።

የዚህ ውጤት በሰሌዳ ላይ ይታያል። አንዱ መስመር አግድም፣ ሌላው ቁም ሆነው ሲሳሉ ማንም ቀጤ ነክ መሆናቸውን ይመሰክራል። ተዳፋታቸው 2 እና −1/2 የሆኑ ሁለት መስመሮች ሲሳሉ ግን አንዳቸውም ቀጥ ብለው ስላልቆሙ ብዙዎች ያመነታሉ። ከዚህም በላይ «ትይዩ» በቅርጹ የያዘው የእርስ በርስነት በ«ቀጤ ነክ» ውስጥ የለም። አንዱ ቆሞ ሌላው የተጋደመ፣ አንዱ ነኪ ሌላው ተነኪ ይመስላል።

ይህን የአማርኛ ድክመት ብቻ አድርጎ ማየት ግን ፍትሐዊ አይሆንም። አውሮፓውያን የሚጠቀሙበት ቃል ፐርፐንዲኩሉም ከሚለው ላቲን የመጣ ነው፤ እርሱም ግንበኞቻችን ቱንቢ የሚሉት፣ በክር የተንጠለጠለ ክብደት ነው። የዐረብኛው ዐሙዲም ከዐሙድ፣ ማለትም ከምሰሶ፣ የወጣ ነው፤ የእኛው ዓምድ ዘመድ። ሁሉም ከመሬት ላይ ከቆመ ነገር ተነሥተዋል። ልዩነቱ በእነዚያ ቋንቋዎች ቃሉ በመጻሕፍት ውስጥ በብያኔና በምሳሌ ብዛት ከቱንቢው መላቀቁ ነው። የአማርኛው ቃል ይህን ጉዞ አልጨረሰም። እስኪጨርስ ድረስ «እርስ በርሳቸው ቀጤ ነክ ናቸው» ማለት ቀላል እርዳታ ነው፤ ቃሉ ያጣውን እርስ በርስነት ከውጭ ይሰጠዋል። አናጢ ማዕዘን የሚፈትሽበትን እስኳድራም ማስታወስ ይጠቅማል፤ እስኳድራ ቢያዘነብል ማዕዘኑ 90 ዲግሪ መሆኑ አይቀርም፤ ቱንቢ ግን ማዘንበል አይችልም። ለዚህ ሕግ ትክክለኛው መሣሪያ እስኳድራው ነው።

5. ተገላቢጦሽና «የለውም»

በእንግድነት በቆየሁባቸው ወራት የማጠናከሪያ ትምህርት በሚሰጥበት አንድ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ አዳምጥ ነበር። ተዳፋቱ 2/3 ለሆነ መስመር ቀጤ ነክ የሆነው መስመር ተዳፋት ተጠየቀ። አንዷ ተማሪ −2/3 ብላ ጻፈች፤ አጠገቧ ያለው 3/2 ብሎ ጻፈ። መምህሩ ሁለቱንም ሲሰርዝባቸው ልጅቷ «ገልብጬዋለሁ እኮ፣ መምህር» አለች። ልጁም «እኔም ገልብጫለሁ» አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። በአማርኛ መገልበጥ ላይን ታች ማድረግም ነው፣ ነገሩን ወደ ተቃራኒው ማዞርም ነው። «ተገላቢጦሽ» ሁለቱንም ስለሚይዝ፣ አንዱን የፈጸመ ሰው ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። በፊቱ የተቀመጠው «ነጌቲቭ» የሚለው የውጭ ቃልም ያው መገልበጥ በሌላ ስም የተደገመ መስሎ ያልፋል።

መፍትሔው ከራሱ ከሕጉ ምክንያት ይገኛል። በነጥብ ሀ ላይ ቆመን 3 ወደ ቀኝ፣ 2 ወደ ላይ የሚያስኬደውን መስመር ሩብ ዙር እናዙረው። ወደ ቀኝ የነበረው 3 ወደ ላይ ይሆናል፤ ወደ ላይ የነበረው 2 ወደ ግራ ይሆናል። አዲሱ የቁም ለውጥ 3፣ አዲሱ የአግድም ለውጥ −2 ነው፤ ተዳፋቱ −3/2። እዚህ ላይ የተፈጸሙት ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው፤ ቁጥሮቹ ቦታ ተለዋወጡ፤ አንዱ ደግሞ ምልክቱን ቀየረ። አማርኛ ለሁለቱም ግልጽ ግሶች አሉት። «ቦታ ይለዋወጣሉ፤ አንዱም ምልክቱን ይቀይራል» ብሎ የተማረ ተማሪ ሁለት ሥራ እንዳለበት ያውቃል፤ መልሱንም በማባዛት ይፈትሻል፤ 2/3 በ−3/2 ሲባዛ −1 ነው። −2/3ን ወይም 3/2ን የጻፈ ግን ብዜቱ −4/9 ወይም 1 ሆኖ ያገኘዋል፤ ስሕተቱንም ያለ መምህር ያየዋል።

መጀመሪያ ላይ ያነሣሁት ጉድለት እዚህ ይገባል። ሕጉ ለቁም መስመር አይሠራም። በቁም መስመር ላይ የአግድም ለውጡ ዜሮ ነው፤ ለዜሮ ማካፈል ስለማይቻል ተዳፋቱ አይበየንም። አግድምና ቁም የሆኑ ሁለት መስመሮች ግን ያለ ጥርጥር ቀጤ ነክ ናቸው። ሁሉም የሚያውቀው ምሳሌ፣ ቃሉ ራሱ የሚጠራው ሥዕል፣ ሕጉ የማይሸፍነው ብቸኛ ጉዳይ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። በዚህ ላይ የአማርኛ ሰዋስው የራሱን ወጥመድ ይጨምራል። «ሜዳው ተዳፋት የለውም» ስንል ለጥ ያለ ነው ማለታችን ነው፤ ይህም ተዳፋቱ ዜሮ የሆነው አግድም መስመር ነው። በክፍል ውስጥ ስለ ቁም መስመርም «ተዳፋት የለውም» ይባላል። ሜዳውና ገደሉ በአንድ ግስ ተጠርተዋል። ለአግድሙ «ተዳፋቱ ዜሮ ነው»፣ ለቁሙ «ተዳፋቱ አይበየንም» ማለትና «የለውም»ን ከዚህ ርዕስ ማውጣት ይበጃል።

6. የውሰት ቃል መፍትሔ ይሆናልን?

ይህን ክርክር ያቀረብኩላቸው አንዳንድ ባልደረቦች ችግሩ ሁሉ በውሰት ቃል ይፈታል ይላሉ። ብዙ መምህራን «ስሎፕ»፣ «ፓራለል»፣ «ፐርፐንዲኩላር» ማለታቸውም እሙን ነው። የውሰት ቃል የመንደር ሥዕል ይዞ ስለማይመጣ የሱቁና የፋርማሲው እንቅፋት ይቀራል፤ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ነገር ግን ስሙ ተውሶ ግሱ አማርኛ ሆኖ ይቀራል። «ስሎፕ የለውም» ያው «ተዳፋት የለውም» ነው፤ «ገልብጠው» ያው «ገልብጠው» ነው። ከላይ እንደታየው ለተማሪ ውጤት ከባዱ ስሕተት የሚገኘው በስሞቹ ሳይሆን በግሶቹ ላይ ነው። የውሰት ቃል ደግሞ ስሕተቱን አይሽረውም፤ ይሸፍነዋል፤ ምክንያቱም ሥዕል የሌለው ቃል ትክክለኛ ሥዕልም አይሰጥም።

ስለዚህ የሕጉን አማርኛ እንዲህ ማቃናት የሚቻል ይመስለኛል፦ «ሁለት የተለያዩ መስመሮች ተዳፋታቸው እኩል ከሆነ ትይዩ ናቸው። ተዳፋታቸው ሲባዛ −1 ከሆነ እርስ በርሳቸው ቀጤ ነክ ናቸው። የቁም መስመር ተዳፋት አይበየንም፤ ቁም መስመሮች ለእርስ በርሳቸው ትይዩ፣ ከአግድም መስመሮች ጋር ደግሞ ቀጤ ነክ ናቸው።» ከመጀመሪያው ይረዝማል። ነገር ግን አንድም አዲስ ቃል አልፈጠረም፤ ነባሮቹንም አልሻረም። ያደረገው ቁጥሩን ከሥዕሉ ማስቀደም ብቻ ነው።

የቃላት ሥራችን እስካሁን ያተኮረው በመዝገበ ቃላት ላይ ነው፤ ለአንድ የውጭ ስም አንድ የአማርኛ ስም መፈለግ። ይህ ሥራ ተገቢ ነበር፤ ፍሬም አፍርቷል። የሒሳብ ሕግ ግን የስሞች ዝርዝር ሳይሆን ዐረፍተ ነገር ነው፤ ተማሪውም የሚሳሳተው በዐረፍተ ነገሩ ነው። ከኋላ ወንበር ያየኋቸው ሁለት ተማሪዎች ማካፈልና ማባዛት አልተሳናቸውም። የተነገራቸውን በትክክል ሰምተው በትክክል ፈጽመዋል፤ ነጥቡን ያጡት በእነርሱ ስንፍና ሳይሆን በአነጋገራችን ነው። ይህን ማቃናት ከሒሳብ መምህሩ ይልቅ የእኛ የቋንቋ አጥኚዎች ዕዳ ነው።